የስፓም ማጣሪያ ሰርቨሩን ሲያጨናንቀው፦ በር ላይ መመለስ፣ ማስተካከል፣ ማጣሪያውን መቀየር ወይስ ወደ ክላውድ መውጣት?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ያለ የአንድ ትራንዚት ቢሮ የኢሜይል ሰርቨር በኔ እጅ ነው። ባለ 4 ኮር፣ ባለ 4 ጊጋባይት ራም ማሽን ሲሆን ሊኑክስ ላይ ኢሜይል ተቀብሎ የሚያሳልፈው ፖስትፊክስ፣ ስፓም የሚያጣራው ስፓምአሳሲንና ቫይረስ የሚፈትሸው ክላምኤቪ ይሠሩበታል። ከጅቡቲ የሚላከው ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ኢንቮይስ፣ የዕቃ ዝርዝር ሁሉ በዚህ ማሽን በኩል ያልፋል። ሰነድ ሲዘገይ ኮንቴይነር ይቆማል፤ ኮንቴይነር ሲቆም ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) መቁጠር ይጀምራል። ሰርቨሩ ሲያቃስት የሚታመመው ሥራው ነው።

ስፓም በዝቶ ማሽኑ ሲጨናነቅ ከፊታችሁ የሚቀርቡት መንገዶች የታወቁ ናቸው። ስፓሙን ገና በር ላይ መመለስ፣ ያለውን ማጣሪያ ማስተካከል፣ ስፓምአሳሲንን ትቶ አርስፓምዲ ወደተባለው ሌላ ማጣሪያ መሄድ፣ ራም ወይም አዲስ ማሽን መግዛት፣ አለዚያም ማጣራቱን ውጭ ላለ ድርጅት መስጠት። ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም፤ አንዱ የሚያድነው በሽታ ሌላውን አይነካውም። የኔን ምርጫ ግን ከመነሻው ልናገር፦ ከበሩ ጀምሩ፣ ቀጥሎ ያለውን አስተካክሉ፣ ካልበቃ ወደ አርስፓምዲ ሂዱ። ገንዘብ የሚወጣበት ሁሉ ከነዚህ በኋላ ይምጣ።

መጀመሪያ ጫናው የምን እንደሆነ እወቁ

ሎድ አቬሬጅ የሚባለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሊኑክስ እዚህ ቁጥር ውስጥ የሚያስገባው ሲፒዩ ላይ ያሉትንና ተራ የሚጠብቁትን ፕሮሰሶች ብቻ አይደለም፤ ዲስክ እየጠበቁ የተገተሩትንም ይደምራል። ስለዚህ ባለ 4 ኮር ማሽን ላይ 20 ብታዩ ሲፒዩው አልበቃም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ዲስኩ ታንቆ ሊሆንም ይችላል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ቪኤምስታት የተባለውን ትዕዛዝ በየ5 ሰከንዱ እንዲያትም አድርጋችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ተቀመጡበት። የመጀመሪያው መስመር ማሽኑ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያለ አማካይ ስለሆነ እለፉት። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ዓምድ ከኮራችሁ ብዛት በላይ ሆኖ ከቆየ ሲፒዩ ነው የጎደለው። ሁለተኛው ዓምድ ካበጠ ዲስክ ነው። ወደ ስዋፕ (ራም ሲያልቅ በምትኩ ዲስክ ላይ የሚያዝ ቦታ) የሚገባውና የሚወጣው ቁጥር ያለማቋረጥ ከዜሮ በላይ ከሆነ ደግሞ ራም አልቋል፤ ዲስኩን የሚያስጨንቀው ኢሜይሉ ሳይሆን ስዋፑ ነው።

አራተኛው ዓይነት ከሁሉም ይሸሸጋል። ቁጥሮቹ ሁሉ ዝቅ ብለው ኢሜይሉ ግን የሚዘገይበት ሁኔታ አለ። ማጣሪያው ዲኤንኤስን (ስለ ስምና አድራሻ የሚጠየቀውን የኢንተርኔት ማውጫ) ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው። መረብ የሚጠብቅ ፕሮሰስ ሎድ አቬሬጅ ውስጥ አይቆጠርም፤ ግን ቦታ ይዞ ተቀምጧል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይሰለፋል።

ይህን ሳንለይ የሠራነው ስህተት ብዙ አስከፍሎናል። አንድ ሰሞን ኢሜይል እየዘገየ ነበር። የስፓምአሳሲን ሠራተኛ ፕሮሰሶች ብዛት ከመነሻው 5 ነው፤ ሎጉም (የሰርቨሩ የሥራ መዝገብ) አምስቱም ተይዘዋል ይል ነበር። ቁጥሩን ወደ 30 አሳደግነው። እኛ ማሽን ላይ አንዱ ፕሮሰስ ወደ 100 ሜጋባይት ራም ይይዛል፤ 30ው ሲነሡ 3 ጊጋባይት ገደማ ሆነ። ክላምኤቪ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል። ማሽኑ በሙሉ ስዋፕ ውስጥ ገባ፤ ቀድሞ በ20 ሰከንድ ይጣራ የነበረ መልዕክት ደቂቃዎች መፍጀት ጀመረ። የኦፕሬሽን ክፍሏ ባልደረባዬ በሩ ላይ ቆማ፣ «አቦ፣ መርከቡ ገብቷል እኮ፣ ሰነዱ የታለ?» ስትለኝ እስካሁን ይታወሰኛል። ችግሩ ከጥንቱም የዲኤንኤስ መዘግየት ነበር። እኛ ግን የራም ችግር ጨመርንበት።

ሎግ ስታነቡ ሰዓቱን ልብ በሉ። የቢሮ ሰው «ጠዋት 2:30 ላይ ቆመ» ቢላችሁ ሎጉ ውስጥ 02:30ን ከፈለጋችሁ የሌሊት ዝምታ ነው የምታገኙት። በአገራችን ሰዓት ክልል በተስተካከለ ማሽን 08:30 ነው፤ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ለተተወ ማሽን ደግሞ 05:30 ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን በስህተት ሰዓት ላይ ሲፈልጉ ግማሽ ቀን ያጠፉ ሰዎች አውቃለሁ።

ከድሬ ሰዎች ጋር ስንነጋገር ደግሞ ሙቀቱን ሳላነሣ አላልፍም። ሲፒዩ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የኢሜይሉ ብዛት ሳይለወጥ ከቀትር በኋላ ብቻ ጫናው የሚጨምር ከሆነ፣ በተለይ በሰኔ፣ ከማጣሪያው በፊት የሲፒዩውን ሙቀትና የወቅቱን ፍጥነት አንብቡ። በአቧራ የተደፈነ ማራገቢያ ማጽዳት ከሁሉም ርካሹ ጥገና ነው።

በር ላይ መመለስ

ትልቅ መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ ያለ ጥበቃ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማንን ነው የምትፈልገው?» ብሎ ነው። የተፈለገው ሰው እዚያ ከሌለ ቦርሳ መበርበር አያስፈልግም። የኢሜይል ማጣሪያ ቦርሳ በርባሪው ነው፤ እያንዳንዱን መልዕክት ከፍቶ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሕጎች ይመዝነዋል። ውድ ሥራ ነው። በር ላይ የተመለሰ መልዕክት ግን ከሲፒዩም ከራምም የሚወስደው ከቁጥር አይገባም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ሰርቨራችሁ የሌለ አድራሻ ይቀበላል ወይ? የሚለው ነው። ብዙ ቢሮ «ደንበኛ ስም አሳስቶ ቢጽፍ እንዳያመልጠን» ብሎ ለዶሜይኑ የሚመጣውን ሁሉ ወደ አንድ ሳጥን ያስገባል። ስፓመሮች ደግሞ ስም እየገመቱ ይልካሉ፤ ያ ሁሉ ግምት ወደ ማጣሪያችሁ ይገባል። ይህን ዝጉ። ከፊት የቆመ ማሽን ተቀብሎ ለሌላ ሰርቨር የሚያስተላልፍ ከሆነም የትክክለኛ ተቀባዮች ዝርዝር ከፊተኛው ማሽን ላይ መኖር አለበት። አለዚያ ፊተኛው ሁሉን ይቀበላል፣ ኋለኛው «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይላል፣ ፊተኛው ደግሞ የመመለሻ ደብዳቤ ጽፎ አድራሻው ለተሰረቀበት ንጹሕ ሰው ይልካል። ወረፋው መድረሻ በሌላቸው መመለሻዎች ይሞላል፤ የሰርቨራችሁ አይፒ አድራሻም ጥቁር መዝገብ (የስፓም ላኪዎች ዝርዝር) ላይ ሊሰፍር ይችላል። እኛ ዘንድ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ አንድ ማስተካከያ ነው፤ አንድ ሳንቲም አላወጣንበትም።

ቀጥሎ ፖስትስክሪን ይመጣል። ከፖስትፊክስ 2.8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ በረኛ ነው። አንድ ነጠላ ፕሮሰስ ሆኖ የብዙ ላኪዎችን ግንኙነት በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ሰላምታውን ጀምሮ እስከ 6 ሰከንድ ይጠብቃል። ሥርዓት የሚያከብር ሰርቨር ሰላምታው እስኪያልቅ ዝም ይላል። የስፓም ሮቦት ግን ብዙ ጊዜ አይታገሥም፣ ቀድሞ ይናገራል፤ በዚያው ይያዛል። ፈተናውን ያለፈ ላኪ አድራሻው ለጊዜው ይመዘገባልና በሚቀጥለው ጊዜ አይጠብቅም። ፖስትስክሪን ከሰላምታው በኋላ የሚያደርጋቸው ጥልቅ ፈተናዎችም አሉት፤ እነዚያን እንዳትከፍቱ እመክራለሁ። ፈተናውን ያለፈውን አዲስ ላኪ እንኳ «ቆይተህ ተመለስ» ብለው ነው የሚሸኙት።

ግሬይሊስቲንግም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፦ የማይታወቅን ላኪ ለጊዜው መልሶ፣ ደግሞ ሲሞክር መቀበል። ጫና ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ትልልቅ አገልግሎቶች ሁለተኛውን ሙከራ ከሌላ አይፒ ሊያደርጉት ስለሚችሉ መዘግየቱ ይረዝማል። ለትምህርት ቤት ወይም ለማኅበር ሰርቨር ይሁን እላለሁ። የመርከብ ሰነድ ለሚጠብቅ፣ የባንክ የማረጋገጫ ኮድ በኢሜይል ለሚቀበል ቢሮ ግን አይሆንም።

የጥቁር መዝገቦች ጉዳይ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስፓምሃውስ የተባለው ድርጅት መዝገቡን አነስተኛ መጠን ላላቸው ሰርቨሮች በነጻ ይሰጣል፤ ነገር ግን እንደ 8.8.8.8 ባሉ የሕዝብ ሪዞልቨሮች (ዲኤንኤስን ለሌሎች ጠይቀው የሚያመጡ ሰርቨሮች) በኩል የሚመጣን ጥያቄ አይመልስም። በመልስ ፈንታ 127.255.255.254 የሚል የስህተት ምልክት ይልካል። ፖስትፊክሳችሁ «ማንኛውም መልስ ከመጣ ስፓም ነው» ተብሎ ከተዋቀረ ይህንኑ ምልክት እንደ ፍርድ ወስዶ ንጹሑን ኢሜይል ሁሉ ሊመልስ ይችላል። መፍትሔው በዚያው ማሽን ላይ አንባውንድ የተባለውን የራስ ሪዞልቨር መትከል ነው፤ ለሌላ ሪዞልቨር ሳያስተላልፍ ራሱ ከሥሩ ጀምሮ እንዲጠይቅ አድርጉት፤ የትኛው የመልስ ቁጥር ስፓም ማለት እንደሆነም ለይታችሁ ጻፉ። ለኛ ሌላም ጥቅም አለው። ጥያቄው ከአገር ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ ስለሆነ አንዴ የተገኘ መልስ እዚሁ መቀመጡ ለያንዳንዱ መልዕክት ጊዜ ያተርፋል። ከላይ የነገርኳችሁ የኛ መዘግየት የጠፋው በዚህ ነው።

ስፓምአሳሲንን ማስተካከል

የሠራተኛ ፕሮሰሶችን ቁጥር በሒሳብ ወስኑ። ከራሙ ላይ ክላምኤቪንና ሌላውን ሥርዓት ቀንሱ፣ የቀረውን ለአንድ ፕሮሰስ ክብደት አካፍሉ፣ ከውጤቱም ጥቂት ተዉለት። በኛ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ 2 ጊጋባይት ያህል ይተርፋል፤ እኔ 10 ላይ አቆምኩት። ጥያቄው ሲበዛ መልዕክቱ ወረፋ ውስጥ ይቆያል። ይቆይ። ወረፋ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ደብዳቤ ነው፣ አይጠፋም፤ ማሽኑ ስዋፕ ውስጥ ሲሰጥም ግን ሁሉም አብሮ ይቆማል።

የመጠን ገደቡንም እዩ። የስፓምአሳሲን አስተላላፊ ከመነሻው ከ500 ኪሎባይት በላይ የሆነ መልዕክት ሳይመዘን ያሳልፋል። እኛ ዘንድ ከኔ በፊት የነበረ ሰው ገደቡን ወደ 20 ሜጋባይት አሳድጎት አገኘሁ። ትራንዚት ቢሮ ሙሉ ቀን ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው የሚላላከው፤ ያ ሁሉ ስፓምአሳሲን በተጻፈበት የፐርል ቋንቋ ውስጥ ይታሽ ነበር። ስፓም ብዙ ሺህ ቅጂ የሚላክ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ገደቡን መልሱት፤ ለትልቁ ፋይል ክላምኤቪ ይበቃዋል።

ቤይዝ የሚባለው ከልምድ የሚማረው ክፍል መረጃውን በፋይል ሲይዝ መልዕክቶች ቁልፉን ይሻሙበታል። በዚያ ላይ አሮጌ ቃላትን የማጽዳት ሥራ መልዕክት በመመዘን መሃል ድንገት ይነሣል፤ ያኔ አንድ መልዕክት ደቂቃዎች ይፈጃል። ራስ-ሰር ጽዳቱን አጥፉና ሌሊት በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምረው መሣሪያ) ይሠራ። ከ3.4 ጀምሮ መረጃውን ሬዲስ ወደተባለ ራም ላይ ወደሚይዝ ማከማቻ ማዛወርም ይቻላል፤ የዲስኩ ጭንቀት ከዚህ ከመጣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የሞቱ ጥቁር መዝገቦችን ከውቅሩ አውጡ። ሶርብስ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል፣ አሮጌ ውቅሮች ግን ዛሬም ይጠይቁታል። ለመዝገብ መልስ የሚጠበቀው ጊዜ ከመነሻው 15 ሰከንድ ነው፤ እኔ ወደ 5 አውርጄዋለሁ። የሕጎቹን ስብስብ አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ መሣሪያም አብሮ አለ፤ ሲፒዩ ለጎደለው ጠቃሚ ነው። ቋንቋ ለይቶ ነጥብ የሚጨምረውን ተሰኪ ደግሞ አጥፉት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ በአንድ ሳጥን በሚገቡበት ከተማ የሚያመጣው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለም።

የክላምኤቪ ባሕርይ ለየት ይላል። አዲስ የቫይረስ መረጃ ሲመጣ አሮጌውን ይዞ አዲሱን ይጭናል፤ ለጥቂት ጊዜ የራም ፍላጎቱ እጥፍ ይሆናል። ከ0.103 ጀምሮ ይህን የሚከለክል ቅንብር አለ። ከከለከላችሁት በሚጭንበት ጊዜ ፍተሻ ይቆማል፣ ራሙ ግን አያብጥም። 4 ጊጋባይት ብቻ ላለው ማሽን መከልከሉን እመርጣለሁ።

ወደ አርስፓምዲ መቀየር

ስፓምአሳሲን በፐርል የተጻፈ ነው፤ አንድ ፕሮሰስ አንድ መልዕክት ይዞ፣ የዲኤንኤስ መልስ ሲጠብቅም ያንኑ ይዞ ይቀመጣል። አርስፓምዲ በሲ የተጻፈ ነው፤ አንዱን መልዕክት ጠይቆ መልስ እስኪመጣ ሌላውን ይመዝናል። ጥያቄው ሩቅ አገር ደርሶ ለሚመለስበት ለኛ ዓይነት መስመር ይህ ልዩነት ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይጎላል። በሩ ተዘግቶ፣ ውቅሩ ተስተካክሎ፣ ሲፒዩው አሁንም ቀኑን ሙሉ ከተያዘ ከአዲስ ማሽን በፊት የምመርጠው ይህንን ነው።

ዋጋው የእናንተ ጊዜ ነው። ነጥቦቹ አይመሳሰሉም፦ ስፓምአሳሲን ከመነሻው 5 ላይ ስፓም ይላል፤ አርስፓምዲ 4 ላይ ያቆያል፣ 6 ላይ ምልክት ያደርጋል፣ 15 ላይ ይመልሳል። ያ 4 ላይ ያለው ማቆየት ግሬይሊስቲንግ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሬዲስ እንደተያያዘ መሥራት ይጀምራል። ሰነድ የሚጠብቅ ቢሮ ሳያውቀው ይዘገይበታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አጥፉ። ቤይዙ እንደ አዲስ መማር አለበት፤ ከስፓሙም ከንጹሑም በመቶዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች ሳያይ ፍርድ አይሰጥም፤ ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት ሁለት አቃፊ ሙሉ ናሙና አዘጋጁ። ሬዲስ መረጃውን ራም ላይ ስለሚይዝ ጣሪያ ይሰጠው። ክላምኤቪም እንዳለ ይቀጥላል፤ የራሙ ችግር ከሱ ከሆነ አርስፓምዲ አይፈታውም።

ውቅሩን የሚረዳ አንድ ሰው ብቻ ያለበት ቢሮ ከሆነና ያ ሰው ሊለቅ ከተቃረበ፣ ስፓምአሳሲን ላይ ብትቆዩ ይሻላል። በአሮጌ እትም ላይ ካላችሁ ግን ወደ 4.0 ውጡ፤ ከእንግሊዝኛ ውጪ ያለ ጽሑፍ አያያዙ ተሻሽሏል፣ ለአማርኛ ኢሜይልም ይጠቅማል።

ራም፣ ዲስክ፣ አዲስ ማሽን

ቪኤምስታት ስዋፕ ካሳየና ቁጥሮቹን ሁሉ ቀንሳችሁም ካልተወ ራም ግዙ። ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት መውጣት ርካሽ ነው፣ ይገባዋልም። ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ ኤስኤስዲ። ሌላው ይቆይ።

ወደ ውጭ መስጠት

ሁለት መልክ አለው። አንዱ ሳጥኑንም ማጣሪያውንም ጨምሮ ወደ ጉግል ዎርክስፔስ ወይም ማይክሮሶፍት 365 መሄድ ነው። ሌላው ሰርቨሩን እዚሁ አቆይቶ ማጣራቱን ብቻ ከፊት ለቆመ አገልግሎት መስጠት ነው። በማጣራት ጥራት ከቤት ማጣሪያ ይበልጣሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። ክፍያው ግን በሰው ቁጥር፣ በየወሩ፣ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ያው ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ደግሞ የክፍያው ቀጣይነት ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ካርዱ አንድ ወር ካልሠራ የቢሮው ኢሜይል ይቆማል።

የኢንተርኔት መቋረጥንም አስቡበት። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ መስመር ሲጠፋ የውስጥ ኢሜይል ይሠራል። ክላውድ ላይ ከሆነ ከጎን ክፍል ላለ ሰው እንኳ መላክ አይቻልም። በሌላ በኩል መብራት ሲጠፋ የውጩ አገልግሎት መቀበሉን ይቀጥላል፤ የቤቱ ሰርቨር ግን መብራት ሲመለስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ይወርድበታል፣ ክላምኤቪም ገና መረጃውን ጭኖ አልጨረሰም። ሰርቨራችሁን እዚሁ ካቆያችሁ ማጣሪያዎቹ ተነሥተው እስኪጨርሱ ፖስትፊክስ እንዳይነሣ አድርጉ።

ማጣራቱን ብቻ ውጭ የሰጣችሁ ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ። ስፓመሮች አሮጌውን አይፒ ያውቁታል፤ የዲኤንኤስ መዝገቡን ብትለውጡም በቀጥታ ይመጣሉ። ፖርት 25ን (ኢሜይል የሚገባበትን በር) ከዚያ አገልግሎት አድራሻዎች በቀር ለሁሉም ዝጉ። ይህን ሳያደርጉ በየወሩ እየከፈሉ ጫናው ያልቀነሰላቸው ሰዎች ገጥመውኛል።

ሰርቨሩን በቋሚነት የሚያይ ሰው ለሌለው ቢሮ ከነችግሩም ውጭ መስጠቱን እመክራለሁ። ሰው ካለ ግን ከበሩ ይጀመር።

ለውጡን ስታደርጉ አንዱን ጨርሳችሁ ለጥቂት ቀናት ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ሦስቱን በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። እሑድ ጠዋት ይመቻል። ፖስትፊክስን ለአንድና ለሁለት ሰዓት ማቆም አያስፈራ፤ በደረጃው መሠረት ሥርዓት የሚያከብር ላኪ ሰርቨር ለ4 እና ለ5 ቀናት ደጋግሞ ይሞክራል። የኦፕሬሽን ክፍሉን ግን ቅዳሜውኑ ጠይቁ፦ በዚያ ቀን ጅቡቲ የሚገባ መርከብ ካለ ሥራውን ለሚቀጥለው ሳምንት አዛውሩት።